ገበጣ አለኝ፤ አጫዋች ግን የለኝም



በየቤታችን የማንገለገልበት ዕቃ አይጠፋም። አንዷ ጎረቤቴ ለእንግዳ ብላ የገዛችውን ስኒ ከነካርቶኑ አስቀምጣ፣ ልጆቿን ድራ ጨርሳ፣ ዛሬም በተሸረፈው ስኒ ቡና ትጠጣለች። ሌላዋ ለዓመት በዓል ይሆነኛል ያለችውን የጥበብ ቀሚስ ብል እስኪበላው ድረስ በሣጥን ቆልፋበት ኖራለች። እኔም በእነዚህ እህቶቼ ስስቅ ቆይቼ ባለፈው ጥር ወር የራሴን ጉድ አገኘሁት። የእኔው ዕቃ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ገበጣ ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የእኔ ሆኖ ኖሯል። የተጫወትኩበትን ጊዜ ግን በሁለት እጄ ጣቶች ቆጥሬ እጨርሰዋለሁ።

«ደግሞ ገበጣ ምን ቁም ነገር ሆኖ በጋዜጣ ይጻፋል?» ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ የምትቸኩሉ ብትኖሩ ጥቂት ታገሡኝ። ነገሩ የእንጨቱ አይደለም። የጊዜና የሰው ነገር ነው፤ በተለይም የእኛ የሴቶች ጊዜ።

የምኖረው በአዊ ዞን፣ ከእንጅባራ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ በሚገኘው በዘንገና ሐይቅ አካባቢ ነው። ሐይቁ በጥንት እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ክብ፣ ዙሪያውን በዛፍ የተከበበ ጥልቅ ውኃ ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ድንችና ገብስ ይበቅልበታል፤ ቀርቀሃም የአገሩ መታወቂያ ነው። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከበር ላይ ይቆማል። ትውልዴ ግን ዳንግላ ነው። ባለቤቴ የዚህ አገር ልጅ ስለሆነ በትዳር መጣሁ፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም አስተምራለሁ። ሦስት ልጆች አሉን። አማቴም ዓይናቸው እየደከመ ከሄደ ወዲህ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ገበጣውን ጠርበው የሰጡኝ አባቴ ናቸው። አባቴ አናጢ አልነበሩም፤ ገበሬ ነበሩ። አንድ ክረምት ዝናቡ ከቤት ሲያውላቸው የዋንዛ እንጨት አምጥተው፣ በመሮ እየቦረቦሩ፣ በአንድ ወገን ስድስት፣ በሌላው ወገን ስድስት ጉድጓድ አወጡለት። አንዱ ጉድጓድ ከሌሎቹ ጠለቅ ያለ ነው፤ መሮው አምልጧቸው ነው። ገበጣን የማያውቅ አንባቢ ካለ በአጭሩ ላስረዳ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ አራት አራት ፍሬ ይቀመጣል፤ በጠቅላላው አርባ ስምንት ፍሬ ማለት ነው። ከራስሽ ወገን አንዱን ጉድጓድ አንሥተሽ፣ ፍሬውን ወደ ቀኝ አንድ አንድ እያደረግሽ ትዘሪያለሽ፤ ዳር ስትደርሺ በተጋጣሚሽ ወገን ትዞሪያለሽ። የመጨረሻው ፍሬ የወደቀበት ጉድጓድ ፍሬ ካለበት እንዳለ አንሥተሽ ትቀጥያለሽ። በባዶ ጉድጓድ ከወደቀ ተራሽ ያበቃል። በአባቴ ቤት ደንብ፣ ያ ባዶ ጉድጓድ በራስሽ ወገን ከሆነ ከፊት ለፊቱ ያለውን የተጋጣሚሽን ፍሬ ትወስጃለሽ።

ይህ ጨዋታ የእኛ ብቻ አይደለም። የእርሱ ወንድሞችና እህቶች በአፍሪካ ሁሉ ተበትነው ይገኛሉ፤ በጋና ኦዋሬ ይባላል፤ በዛንዚባርና በታንዛኒያ ባሕር ዳርቻ ደግሞ ባኦ የሚባል ባለ አራት ረድፍ ጨዋታ አለ። በአገራችንም ቢሆን በየቦታው ደንቡ ይለያያል። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ባወጡት ረጅም ጽሑፍ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ ብዙ ዓይነት የገበጣ አጨዋወቶችን መዝግበዋል። ባለ ሁለት ረድፍ አለ፤ ባለ ሦስት ረድፍም አለ። ከእንጨት የተሠራ ማግኘትም ግዴታ አይደለም፤ እረኛ መሬት ቆፍሮ በጠጠር ይጫወተዋል።

እኔም የጀመርኩት በመሬት ላይ ነበር። ከብት ስንጠብቅ ከወንዶቹ ጋር እየቆፈርን እንጫወት ነበር። በኋላ አባቴ የእንጨቱን ገበጣ ሲሠሩ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ «ነይ እስቲ ልጄ» ብለው ያስቀምጡኝ ጀመር። ጎረቤት ገብቶ ሲያየን «ሴት ልጅን ገበጣ ማስተማር ምን ይረባታል?» ይል ነበር። አባቴም «ማሰብ ይረባታል» ብለው ዝም ያሰኙ ነበር።

አንድ ነገር ሳይነግሩኝ አስተማሩኝ፤ እርሱንም ለእናንተ ላካፍል፤ ባቄላ ይዛችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ጨዋታ ስጀምር ዘወትር በስተግራ ካለው ከመጀመሪያው ጉድጓድ እነሣ ነበር። ምክንያቱም ረጅም ጉዞ ይሄዳል፤ አምስት ጊዜ እያነሣሽ ሃያ ስድስት ፍሬ ትዘሪያለሽ፤ ሰውም እየተከተለ ይቆጥርልሻል። በመጨረሻ በሦስተኛው ባዶ ጉድጓድሽ ታርፊያለሽ። ከፊት ለፊቱ የምታገኚው ግን አንዲት ፍሬ ብቻ ናት። አባቴ ይህን እያዩ ወር ሙሉ ምንም አላሉኝም። አንድ ቀን ከሁለተኛው ጉድጓድ ጀመርኩ። ያው አምስት ጊዜ ማንሣት ነው፤ ያው ሃያ ስድስት ፍሬ መዝራት ነው፤ ነገር ግን በአራተኛው ጉድጓድ ታርፊና ከፊት ለፊቱ ስድስት ፍሬ ትወስጃለሽ። አባቴ ያን ጊዜ ጋቢያቸውን አስተካክለው «አሁን መጫወት ጀመርሽ» አሉኝ። ድካሙ አንድ ሆኖ ሳለ ፍሬው እንደ አነሣሡ እንደሚለያይ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ስዳር አባቴ ገበጣውን ከነአርባ ስምንት የባቄላ ፍሬው በከረጢት አድርገው ከዕቃዬ ጋር ላኩልኝ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከባለቤቴ ጋር ማታ ማታ ተጫውተናል። የመጀመሪያው ጠባችንም በዚሁ ነበር ብል ውሸት አይሆንም። የእርሱ አገር ደንብ ከእኔ የተለየ ነው፤ እነርሱ ዘንድ አንድ ጉድጓድ አራት ፍሬ ሲሞላ ባለ ጉድጓዱ ያነሣዋል። እኔ «ሌብነት ነው» ስል፣ እርሱ «የአገሩን ደንብ ልመጅ» ሲል፣ እየሳቅን እናመሽ ነበር። ከዚያ የመጀመሪያ ልጃችን ተወለደች። ገበጣው «ለጊዜው» ተብሎ ከግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የቤት ዕቃ «ለጊዜው» ከተሰቀለ እንዴት እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ጥሩ ነገር ልመለስ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል በእንጅባራ ይከበራል። ያን ሰሞን ከየአገሩ እንግዳ ይመጣል፤ ከእንግዳውም ከፊሉ ዘንገናን ሳያይ አይመለስም። ባለፈው በዓል ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት የባለቤቴ ዘመድ አምጥቷቸው ከቤታችን ቡና ጠጡ። ሰውየው ቀና ሲል ገበጣውን አየ። አወረደው፤ አገላበጠው፤ ጠለቅ ያለውን ጉድጓድ በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያም «ሦስት ሺህ ብር ልስጣችሁና ውሰድ በሉኝ» አለ።

ለእኛ ቤት ሦስት ሺህ ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ትልቋ ልጃችን ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ጫማዋ አልቋል። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ «ምን ትያለሽ?» አለኝ። «የአባቴ ነው» አልኩ። እርሱም ሳይቆጣ፣ ሳያሾፍ፣ «እሱማ ነው። ግን ስንት ጊዜ ተጫወትሽበት?» አለኝ።

እህቶቼ፣ ጥያቄው ትክክል ነበር፤ መልስ ግን አልነበረኝም። እንግዳውን «እርስዎስ ይጫወቱበታል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ኧረ የለም፤ ለሳሎን ጌጥ ነው» አለ። ከአንድ ግድግዳ ተነሥቶ ወደ ሌላ ግድግዳ ሊሄድ ነው ማለት ነው። እስከ ነገ እንዲጠብቀኝ ለምኜ አሳደርኩት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለምን አልተጫወትኩም? ገበጣው አለ። ጨዋታውን እወደዋለሁ። የከለከለኝም ሰው የለም። ጨለማው ውስጥ ምክንያቱን እየመረመርኩ አደርኩ፤ የደረስኩበትንም እነሆ።

መጀመሪያው ጊዜ ነው። «ጊዜ የለኝም» ማለት ግን እውነቱን ሁሉ አይገልጸውም። ሴት ጊዜ አላት፤ ጊዜዋ ግን የተቆራረሰ ነው። ውኃው እስኪፈላ አምስት ደቂቃ አለ፤ ሊጡ እስኪነሣ አለ፤ ሕፃኑ እስኪነቃ አለ። በዚህ በቁርጥራጩ ጊዜ ጥጥ መፍተል፣ ስፌት መስፋት ይቻላል፤ ትተሽው ተነሥተሽ ተመልሰሽ ከተውሽበት ትቀጥያለሽ። ገበጣ ግን ሁለት እጅና ሙሉ ሐሳብ ይፈልጋል። ግማሽ ሰዓት ያልተቆረጠ ጊዜ ከሌለሽ አትጀምሪውም። ወንዱ ከሥራ ሲመለስ ያ ግማሽ ሰዓት ሳይከፈል በእጁ ይገባል። የእኔ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ በእንጀራው፣ በውኃው፣ በልጆቹ ደብተር መካከል ተሸርፎ ያልቃል።

ሁለተኛው ሰው ነው። ብቻዬን ማንበብ እችላለሁ፤ ብቻዬን መፍተል እችላለሁ። ገበጣ ግን ከፊት ለፊትሽ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ከአንቺ ጋር በአንድ ሰዓት ሥራ መፍታት አለበት። እኔ ሲመቸኝ ባለቤቴ ማሳ ነው፤ እርሱ ሲመቸው እኔ ምጣድ ላይ ነኝ። ስለዚህም ገበጣ መግዛት ወይም መውረስ ቀላሉ ነገር ነው፤ ከባዱ የሁለት ሰው ጊዜ እንዲገናኝ ማድረግ ነው።

ሦስተኛው ይሉኝታ ነው። በዛፍ ጥላ ሥር ገበጣ የያዘ ወንድ «ዐረፍ ብሏል» ይባላል። በደጇ ገበጣ ይዛ የታየች ባለትዳር ግን «ሥራ ፈት» ትባላለች። እንዲህ ያለኝ ሰው ኖሮ አይደለም፤ ማንም ሳይለኝ እኔው በራሴ ላይ ስለው ኖሬአለሁ። ሐሜቱን ከመስማቴ በፊት ታዝዤዋለሁ ማለት ነው።

በዚያው ሌሊት ስለ ሰንጠረዥ ያነበብኩት ትዝ አለኝ። አገራችን የራሷ የሰንጠረዥ አጨዋወት ነበራት። ጨዋታው ሲጀመር፣ ወረራ በሚባለው ክፍል፣ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጋቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ከተበላ በኋላ ነው በተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ አውሮፓውያን ተጓዦች መሳፍንቱና መኳንንቱ ይህን ሲጫወቱ አይተው ጽፈዋል። ዛሬ ግን ሰንጠረዥ ሲባል የምናውቀው ዓለም የሚጫወተውን ነው፤ የጥንቱን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ብርቅ ሆኗል። ሰንጠረዡን ያጠፋው የእንጨት እጥረት አይደለም። የሚያውቀው ሰው ከማያውቀው ሰው ፊት ለፊት መቀመጡን ሲተው ነው ጨዋታ የሚጠፋው። ገበጣንም ቢሆን እረኛው በመሬት ላይ እየቆፈረ ስላቆየልን ነው እንጂ፣ እንደ እኔ ያለ ባለ ገበጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዕጣው ይኸው ነበር።

በማግሥቱ እንግዳውን «ይቅርታ፣ አልሸጥም» አልኩት። ባለቤቴ አልተጣላኝም፤ ግን ሁለት ቀን ያህል በአጭሩ ብቻ ነበር የሚመልስልኝ። አልፈርድበትም። የልጃችንም ጫማ ደመወዝ እስኪወጣ መቆየት ነበረበት። ስለዚህ «የአባቴ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ልጫወትበት ይገባል አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገበጣውን አወረድኩ። አቧራውን ጠርጌ ከረጢቱን ስፈታ ባቄላው ነቅዟል። አርባ ስምንቱን ዘርግቼ ቆጠርኩ፤ ደኅናው ሠላሳ አንድ ነው። ዐሥራ ሰባቱ ቀፎ ብቻ ሆኗል። ትልቋን ልጄን ጠርቼ «ነይ እስቲ ከጎታው ዐሥራ ሰባት ባቄላ አምጪና እንጫወት» አልኳት። በአባቷ ስልክ ላይ አጎንብሳ ነበር። በስልኩ የምትጫወተው ጨዋታ መንደር የምትሠራበት፣ ወታደር የምታሰለጥንበት፣ ስማቸውን እንኳ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር የምትዋጋበት ነው። እርሱም ኔትወርክ ሲኖር ነው። ቀና ሳትል «ቆይ እማ» አለችኝ።

እኔም የዘንድሮ ልጆች የሚባለውን ሁላችን የምንለውን ነገር ልጀምር አፌን ስከፍት፣ ልጄ ስልኩን ዝቅ አድርጋ «እኔ እኮ ድሮ ጠይቄሽ ነበር» አለችኝ። «መቼ?» አልኳት። «ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ። አራተኛ ክፍልም ሳለሁ። ሁልጊዜ ቆይ ነበር የምትይኝ። ከዚያ ተውኩት» አለች። በክፋት አልተናገረችውም፤ እንደ ቀላል ነገር ነው የነገረችኝ። እኔ ግን እጄ ላይ ያለውን ባቄላ ይዤ ቀረሁ። ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አጫዋች አጣሁ ስል የኖርኩት ሴት፣ የሌላ ሰው አጫዋች ሆኜ ተፈልጌ ጠፍቼ ኖሬአለሁ። እርሷ የተማረችውን «ቆይ» ከማንም አልተማረችውም፤ ከእኔው ነው።

ምንም ሳልመልስላት ባቄላውን ወደ ጉድጓዱ መጣል ጀመርኩ። ያን ጊዜ አማቴ ከምድጃው አጠገብ ሆነው «አንቺ ልጅ፣ ይኼ ድምፅ የገበጣ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። አማቴ ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። ስለዚህም ሥራ ሁሉ «ይተዉ እማዬ፣ ይቀመጡ» እየተባሉ፣ በጥሩ ሐሳብ፣ ከእጃቸው ተወስዶባቸዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው እሳቱን ያዳምጣሉ።

«ገበጣ ያውቃሉ እንዴ እማዬ?» አልኳቸው።

«ከወንድሞቼ ማን ይችለኝ ነበር!» አሉ።

«ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

ገበጣውን ከፊታቸው አኖርኩ። ጉድጓዶቹን በጣታቸው ጫፍ አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ ጠለቅ ካለው ጉድጓድ ሲደርሱ «ይኼኛው ተበልቷል» አሉ። ከዚያም በእያንዳንዱ ጉድጓድ ያለውን ፍሬ በመዳሰስ እያወቁ፣ በአገውኛ በለሆሳስ እየቆጠሩ ተጫወቱ። ያሸነፉኝ በእርሳቸው አገር ደንብ ነው። በሁለተኛው ዙር በእኔ ደንብ እንዲሆን ለመንኳቸው፤ ደንቡን አንድ ጊዜ አስረድቼአቸው በእርሱም አሸነፉኝ። ልጄ ስልኩን ጥላ መጥታ ከአያቷ ጎን ተንበርክካ ነበር። የራሴን የመጀመሪያ አነሣሥ ብልሃት እንኳ ሳልጠቀምበት ነው የቀረሁት፤ እርሳቸው ቀድመው ከሁለተኛው ጉድጓድ ተነሡ።

እንግዲህ ልብ በሉ። በአንድ ጣሪያ ሥር ገበጣ የሚችሉና ሊማሩ የሚፈልጉ ሦስት ሴቶች እያለን፣ ሦስታችንም በየበኩላችን አጫዋች የለንም ብለን ኖርን። አማቴ አልተጠየቁም፤ ልጄ ጠይቃ ተወች፤ እኔ ደግሞ ሰው ከውጭ እጠብቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያደረግነውን ልንገራችሁ፤ ምናልባት ለአንዳችሁ ይጠቅም ይሆናል። ባለቤቴን በጽሞና አነጋገርኩት። «ጨዋታ ልጫወት» አላልኩትም፤ «እሑድ ከቡና በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ስጡኝ» አልኩት። በዚያ ሰዓት ስኒውን ወንዱ ልጃችን ያጥባል፤ ከብቱን ባለቤቴ ውኃ ያጠጣል፤ ትንሹን ልጃችንንም እርሱ ይይዛል። መጀመሪያ ላይ የጎረቤት ወንዶች ጥቂት ቀለዱበት። እርሱም «እናቴ ስትስቅ መስማት ካቃታችሁ የእናንተ ጉዳይ ነው» አላቸው። እኔም ይሉኝታዬን ሰበርኩና ገበጣውን ከጓዳ አውጥቼ በደጃፍ አኖርኩት። የተነገረ ሐሜት የለም፤ ይልቅስ ሁለት ጎረቤቶቼ ቆመው ማየት ጀምረዋል፤ አንዷማ የእናቷን ደንብ ልታሳየን ተቀመጠች፤ ሦስተኛ ደንብ መጣብን።

ይህን ስል ሁሉ ነገር ተስተካከለ ማለቴ አይደለም። አንድ እሑድ ለቅሶ ይሆናል፤ አንድ እሑድ ዕድር ነው፤ አንድ እሑድ የፈተና ወረቀት አርማለሁ። የድንች ሥራ ሲመጣ ጭራሽ አይታሰብም። ቆጥሬዋለሁ፤ ከጥር ወዲህ የተጫወትነው ሰባት እሑድ ነው፤ ያመለጠን ከተጫወትነው ይበልጣል። ሆኖም በዐሥራ አራት ዓመት ውስጥ ያልተጫወትኩትን በዚህ አጭር ጊዜ ተጫውቻለሁ። ልጄም ስልኩን ጨርሳ አልተወችም፤ እኔም ተዪ አላልኳትም። ነገር ግን እሑድ ሲሆን ከማታውቀው ሰው ጋር መዋጋቷን ትታ ከአያቷ ጋር ትዋጋለች፤ እስካሁን አንድ ጊዜም አላሸነፈቻቸውም።

ውድ እህቶቼ፣ ምክር ለመስጠት ብቁ ነኝ አልልም። ከደረሰብኝ ተነሥቼ ግን ጥቂት ነገር ላስታውሳችሁ። አንደኛ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አብሯችሁ የሚቀመጥበትን ሰው አስቡ። ገበጣም ቢሆን፣ ካርታም ቢሆን፣ ዳማም ቢሆን ሁለተኛ ሰው ከሌለው እንጨትና ወረቀት ነው። ሁለተኛ፣ ሰዓቱን በስሙ ቁረጡት። «ሲመቸኝ» የሚባል ቀን ለሴት አይመጣም፤ እሑድ ከቡና በኋላ የሚባለው ግን አንዳንዴም ቢሆን ይመጣል። ሦስተኛ፣ ያ ሰዓት ባዶ እንዲሆን ሥራውን ማን እንደሚይዘው ከቤተሰቡ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ፤ ባል አንብቦ ይረዳኛል ብሎ መጠበቅ እኔን ዐሥራ አምስት ዓመት አቆይቶኛል። አራተኛና ዋናው፣ በቤታችሁ ጥግ የተቀመጡትን ጠይቁ። ሽማግሌዋን «ይረፉ» ከማለታችን በፊት «ምን ይችላሉ?» እንበላቸው። ልጃችን መጥታ «እንጫወት» ስትለንም «ቆይ» ከማለታችን በፊት አንድ ጊዜ እናስብ፤ ጥያቄው ለዘላለም እየተመላለሰ አይመጣምና።

እነዚያ እንግዶች ዳግመኛ መጥተው ቢጠይቁኝ አሁንም አልሸጥም። መሬት ቆፍረው አርባ ስምንት ጠጠር ይዘው ቢቀመጡ ግን ደንቡን በነፃ አስተምራቸዋለሁ። የትኛውን ደንብ እንደማስተምራቸው ገና አልተስማማንም፤ አማቴ «የዘንገናውን ነው» ይላሉ፤ እኔ ደግሞ የአባቴን አለቅም። የፊታችን እሑድ፣ ለቅሶ ካልገጠመን፣ በዚሁ ጉዳይ እንጋጠማለን።